ዳገት እምቢ ያለች ቮልስ

«እርገጥ!» አለ መካኒኩ አብዶ ከመኪናዋ ሥር፣ ከጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ።

በድሩ ረገጠ።

«ልቀቅ! አሁንም እርገጥ። ቀስ በል እንጂ፣ ጊንጥ ያየህ ይመስል!»

እትዬ ረቢአ ከጋራዡ በር አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ጎማው ቀሚሳቸውን እንዳያጠቁር አብዶ ካርቶን አንጥፎላቸው ነበር፤ ካርቶኑንም አላመኑትም፤ በላዩ ላይ የራሳቸውን ፌስታል ደርበውበታል። ዓይናቸው አንዴ ወደ ጉድጓዱ፣ አንዴ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ በድሩ ግራ እግር ይመላለሳል። ከጉድጓዱ የሚታያቸው የአብዶ ክንድና መፍቻው ብቻ ነው። ፊቱ የማይታይ ሰው ምን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

አብዶ ዳዶውን አጥብቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሹፌሩ በር በኩል ጎንበስ አለና የፍሪሲዮኗን ፔዳል በጣቱ ገፋ አደረጋት። ፔዳሏ ጥቂት ያህል ያለ ምንም ክብደት ሄደች፤ ከዚያ ካቦው ሲይዛት ጠነከረች።

«ይኸው፣ ሁለት ጣት» አለ። «ፍሪሲዮን ሁለት ጣት የሚያህል ላላ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ እትዬ ረቢአ። እሱ ከጠፋ ሰው ሳይረግጠው እንደተረገጠ ይቆጠራል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም፣ ዲስኩ ይቃጠላል። ባለፈው ሳምንትም ሁለት ጣት ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ በፊትም ሰጥቼዋለሁ። የት እንደሚያደርሰው እንግዲህ እሱን ይጠይቁት።»

«ምን አደርገዋለሁ? እበላዋለሁ?» አለ በድሩ ከመሪው ኋላ።

«እግርህን ስታሳርፍበት ትውላለሃ! ሶፋ መሰለህ?»

አብዶ ይህን ብሎ ወደ እትዬ ረቢአ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንደ እናቴ ስለሆኑ ነው የምነግርዎ። ሙሽራ ብቻ የሚጭን መኪና ፍሪሲዮኑ እንዲህ አያልቅም። ይህቺ መኪና ከባድ ነገር ይዛ ዳገት ትወጣለች። እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ዲስኩ ግን ይናገራል።»

 እትዬ ረቢአ ይህን ቃል ሲፈሩት ነው የሰነበቱት፤ ሲጠብቁትም ጭምር።

ቮልሷ የሟቹ ባላቸው የሐጂ ሙሀመድኑር ነበረች። ሐጂ ከሚሴና ሰንበቴ ሲመላለሱባት ኖረው ሲያልፉ፣ ጓሮ ቆማ ዶሮ ይታቀፍባት ጀመር። ከዶሮ ያስጣላት በድሩ ነው። ጣሪያዋን አስቆርጦ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ሸራ አደረገላት፤ ወተት አስመስሎ ነጭ ቀባት፤ «የአባባ ሞተር ሙሽራ ከነሚዜዋ ይዞ አይወጣም» ብሎም ከኮምቢ ሚኒባስ የተነቀለ ትልቅ ሞተር ከኋላዋ አስገጠመባት። ሞተሩን የሚሸከመውን ብረት የበየደው አብዶ ነው። እትዬ ረቢአ ያን ዕለት «አስታግፊሩላህ፣ የሌላ ልብ ከተቱባት» ብለው እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ሆኖም ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ያለ ሙሽራ ሁሉ በዚያች ነጭ ቮልስ ካልሆነ አልሄድም ማለት ጀመረ፤ በድሩም ሥራ አገኘ፤ እሳቸውም ጎረቤት ሲያመሰግነው እየሰሙ ዝም አሉ።

አሁን አሁን ግን ነገሩ አላማራቸውም። ልጁ መግሪብ አልፎ ይመጣል። መኪናዋ ስትገባ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ሲጠይቁት «ጎማ ተንፍሶብኝ ነው፣ አኮ» ይላል፤ አያቱን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚላቸው፤ በማግስቱ አራቱንም ጎማ ዞረው ቢያዩ የተጠገነ የለም። ስልክ ሲያወራ ከበሩ ጀርባ ይቆማሉ። በኦሮምኛ ቢያወራ ይሰማሉ፣ በአማርኛም ቢያወራ ይሰማሉ፤ ብቻ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ በየትኛውም ቋንቋ አይሰማቸውም።

እትዬ ረቢአ ከጥንትም ጎተራ ውስጥ ባለ እህል ላይ መዳፋቸውን አትመው የሚያድሩ ሴት ናቸው፤ የነካው ሰው እንዳለ ጧት አሻራቸው ይነግራቸዋል። ሰሞኑን ይህንኑ ብልሃት ወደ መኪናዋ አዛወሩት። ማታ ማታ አንዲት የማሽላ ፍሬ ከኋላ ጎማዋ አናት ላይ ያኖራሉ። ሱብሂ ሰግደው ሲወጡ ፍሬዋ እንዳለች ናት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያርፍ ነበር። እሳቸው ግን ማሽላ በቤቱ ሙሉ መሆኑን አሰቡ፤ ደርሶ መጥቶ ሌላ ፍሬ ያስቀመጠ እንደሆነስ? ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ሰው «ምነው እንዲህ ሆኑ?» ቢላቸው መልሱ ቅርብ ነበር። የበድሩ አባት ቶፊቅ፣ የእሳቸው አንድያ ልጅ፣ ሹፌር ነበር። «እማ፣ ሙቺ፣ ሌሊት አልነዳም» ብሎ ምሎላቸው ወጣ። ከባቲ ወዲህ፣ በሌሊት፣ ከሰል ከላይ እስከ ታች ከጫነበት መኪና ጋር ገደል ገብቶ አገኙት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሳቸው ግን ያዩት ልጥ አልነበረም።

ስለዚህ አብዶ ከባቲ ለመኪናዋ ገዥ ማምጣቱን ሲነግራቸው ወዲያው እንቢ አላሉም። ሊብሬው በስማቸው ነው። ሰውዬው ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ይደውላል፤ ቃላቸውን ይሰጡታል። በድሩ ከሰል እየጫነ ከሆነ መኪናዋ ትሸጥ፤ ልጁ ሥራ ቢፈታም፣ ዕድሜ ልኩን ቢያኮርፍም፣ በሕይወት ያኩርፍ። ካልጫነ ደግሞ የልጁን እንጀራ በሐሜት መቁረጥ ከአላህ ያጣላል። ማወቅ አለባቸው። ዛሬውኑ።

አብዶንም ቢሆን መቼ አመኑት? ገዥውን ያመጣ እሱ፣ ልጁን የሚከስ እሱ። የደላላ አበሉን እያሰበ እንደሆነስ?

«አብዶ» አሉ ከጎማው ላይ እየተነሱ፣ «ሙሽራና ሚዜ ቢጫን ይህ ነገር አይቃጠልም ነው የምትለኝ?»

«በፍጹም። እግሩን ካላሳረፈበት።»

«እንግዲያው ሙሽራና ሚዜ የሚያህል አሸዋ ከኋላ ጫኑበት።»

«ምን አሉ?»

«ከጎረቤት ቤት ይሠራ የለም ወይ? አሸዋ አስመጣ። በድሩ ይነዳል፣ እኔ ፊት እቀመጣለሁ። የደጋውን ዳገት እንወጣለን። ዓይኔን ከእግሩ አላነሳም።»

በድሩ ከመኪናዋ ወረደ። ፊቱ ተለዋውጧል። «አኮ፣ ሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ እኮ።»

«ሌባ አላልኩህም።»

«ማሽላዋንም አይቻታለሁ።»

እትዬ ረቢአ ትንሽ ደነገጡ፤ ግን እጅ አልሰጡም። «የትኛዋን ማሽላ?»

«ከጎማው ላይ ያለችውን። እንዳትወድቅብሽ ብዬ መኪናዋን ስወለውል በዚያ በኩል አልነካም።»

አብዶ ሳቁን በጨርቁ ጠረገው። «ዱጋ ነው፣ እውነቱን ነው፣ በዚያ በኩል ጭቃ አለባት» አለ።

አሸዋው በጆንያ ተጫነ፤ እትዬ ረቢአ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ቢስሚላህ ብለው ፊት ወንበር ላይ ገቡ።

ዋናውን መንገድ ይዘው ባጃጆቹን እየታከኩ ከከተማው ወጡ። መንገዱ ሜዳ ነው። እትዬ ረቢአ ሰላምታ የሚሰጣቸውን ሰው ሁሉ ሳያዩ ያልፋሉ፤ አንገታቸውን አስግገው ከመሪው ሥር ነው የሚያዩት። ያች ፔዳል ከወለሉ ላይ ቆማ እንደተነቃነቀ ጥርስ ትንቀጠቀጣለች። በጃንጥላቸው ጫፍ ነካ አደረጓት፤ ለስለስ ብላ ሄደች።

«አኮ! በአላህ! እየነዳሁ እኮ ነው!»

«ንዳ፣ ማን ከለከለህ? እግርህን ብቻ ከዚያ አርቅ።»

«ማርሽ ስቀይር በምን ልርገጥ? ባንቺ ጃንጥላ?»

«ስትቀይር ርገጥ። ከቀየርክ በኋላ ወደዚያ ጥግ ሰብስበው፤ ጫማህ ይታየኝ።»

በድሩ አጉረምርሞ እግሩን ወደ በሩ ጥግ ሰበሰበ። ከዋናው መንገድ ታጥፈው ወደ ደጋው በሚያወጣው የጠጠር መንገድ ገቡ።  ከኋላ አሸዋው ይንሸራተታል።

«ያን ዕለት» አሉ እትዬ ረቢአ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ጎማ ተነፈሰ ያልከኝ ዕለት፣ የት ነበርክ?»

«ጎማ ነው አልኩሽ።»

«አባትህም ዓይን ዓይኔን እያየ አልነበረም የሚዋሸኝ። ፊቱን አዙሮ ነበር። አንተም አዙረሃል።»

«መንገዱን እኮ ነው የማየው አኮ፤ ገደል ልግባልሽ?»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። መሪውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ለራሱ የሚያወራ መስሎ ተናገረ።

«እዚሁ ዳገት ላይ ነበርኩ። ሙሽራዋን ይዤ። ግማሽ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ትላለች። ሚዜዎቹ ከነጫማቸው ወርደው ገፉ። አጃቢው ሁሉ በስልኩ እየቀረጸ ይስቃል። አንዷ አሮጊት ‹የሙሽራዋ ጥሎሽ ከበዳት› አለች። በመጨረሻ ሙሽራዋን በባጃጅ ነው ያደረስኳት። ቀሚሷ ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ጫፉን ይዤላታለሁ።»

እትዬ ረቢአ ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ‹ቆርጠህ ቀጥለህ ያደረግከው ነው› አትዪኝም? በሐጂ መኪና ተጫውተሃል አትዪኝም?»

ይሉት ነበር። ይህን ያውቃሉ። ግን ታሪክ ሲያምር እንደሚያጠራጥርም ያውቃሉ፤ የቀሚሱ ጫፍ እንኳ አለበት። ሰው የፈጠረውንም እንዲህ አሳምሮ ሊያወራ ይችላል።

ዳገቱ ጀመረ። በድሩ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀየረና እግሩን ወደ ጥጉ መለሰ፤ ጫማው ከነአቧራው ለብቻው ተቀምጧል። እትዬ ረቢአ ወደ ፔዳሏ ጎንበስ አሉ።

ፔዳሏ መንቀጥቀጧን ተወች።

መጀመሪያ ዓይናቸው የደከመ መሰላቸው። ዳገቱ ሲከፋና በድሩ ነዳጅ ሲጨምር፣ ያች ስትወዛወዝ የነበረች ፔዳል ወደ በድሩ ቀና ብላ እንደ ችካል ደርቃ ቆመች። ማንም አልነካትም። በጃንጥላው ጫፍ ወጋ አደረጓት፤ ድንጋይ። ያ ሁለት ጣት የለም። ወዲያው ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ መዘግየት ጀመረች፤ ያ የሚያውቁት የመቃጠል ሽታም መጣ።

«ሱብሃነላህ! አቁም!»

«ይኸው! ይኸው ጀመራት! እግሬን አየሽ? አኮ፣ እግሬን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። አቁም አልኩህ፣ ፍሬን ያዝ!»

በድሩ ፍሬን ያዘ፤ ነዳጁን ለቀቀ። ሞተሩ ሲረጋጋ ፔዳሏ እንደገና ላላ አለች። እትዬ ረቢአ በጃንጥላቸው ነኩ፤ ለስላሳ ናት። «እስኪ ነዳጅ ስጣት» አሉ። ሰጣት፤ መኪናዋ ለመውጣት ስትታገል ፔዳሏ ደረቀች። «ተወው» አሉ። ላላች። ደጋግመው አሠሩት። ልጁ ይዋሻል እንበል፤ ብረት ግን ከልጁ ጋር ተማክሮ አይዋሽም።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ አብዶ ገና ከሩቁ ነው የጠየቀው። «እህሳ፣ እግሩ የት ነበር?»

«እግሩ በቦታው ነበር። ፔዳሏ ናት ዳገት ላይ ብቻዋን የምትደርቀው።»

«እትዬ ረቢአ፣ ፔዳል ብቻዋን አትሄድም። ጅኒ አለባት ካላሉኝ።»

«ጅኒ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ሁለት ጣትህን ሜዳ ላይ ቆማ፣ ባዶዋን ነው የምትሰጣት። ጭነህ፣ አስጨንቀህ ለካህ?»

 አብዶ መኪናዋን ከነአሸዋዋ ጉድጓዱ ላይ አስቆማት፤ ከጎማዎቿ ፊት ትልልቅ ድንጋይ አስደገፈ። «የእጅ ፍሬኑን ሳብ» አለው በድሩን። «አንደኛ አስገባና በጣም በቀስታ ልቀቅ። ልትሄድ ስትል ያዛት፤ እንዳትዘል።» ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። እትዬ ረቢአ አሁን ከጎማው ላይ አልተቀመጡም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው የአብዶን ፊት አዩ።

በድሩ ለቀቀ። መኪናዋ ወደፊት ልትሄድ ብላ ድንጋዩ ያዛት። ያኔ ትልቁ ሞተር ከኋላ ቁልቁል ሰመጠ። የሚሸከመው ብረት፣ ከቻሲሱ ጋር በተበየደበት በኩል፣ እንደ አፍ ተከፈተ። ሞተሩ ሲሰምጥ ካቦውን ይዞት ሲሄድ፣ ካቦው ፔዳሏ እንደተረገጠች ሁሉ እንደ ክራር ጅማት ሲወጠር ከላይ ሆነው እንኳ ታያቸው። በድሩ መልሶ ረገጠ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ አፉም ተዘጋ። ስንጥቁ ቆሞ ሲታይ ፀጉር እንኳ አያህልም።

«ድገም» አለ አብዶ።

ተደገመ።

«በቃ፣ አጥፋው።»

 አብዶ ጣቱን ስንጥቁ ላይ አድርጎ ቆየ። የኮምቢው ሞተር ከባድ ነው፤ ዳገት ላይ ሰው ሲጨመርበት ብረቱ አልቻለውም። እያንዳንዷ ሙሽራ ትንሽ ትንሽ ስትቀደው ከርማለች።

«ብየዳው የኔ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ታውቅ ነበር?» አሉት እትዬ ረቢአ።

«ወላሂ አላወቅኩም።»

ፊቱን አዩት። ላብ አለበት፣ ቅባት አለበት፤ ከላቡና ከቅባቱ ሥር እውነት ይኑር ሐሰት መለየት አልቻሉም። የገዛ ብየዳውን ያልጠረጠረው ሰው ስለሆነ ነው፣ ወይስ የባቲውን ገዥ ስላሰበ? አላህ ይወቅ።

«ዲስኩ ይናገራል ብለኸኝ ነበር» አሉት። «እንግዲህ ብረቱም ተናገረ። ይህን ከታች ሌላ ብረት ደርበህ ትበይደዋለህ። ዛሬ። እኔ እዚሁ ቆሜ።»

«እሺ።»

«ለነገው ሠርግ ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች፣ ኢንሻአላህ። ካቦውንም አስተካክላለሁ። ሁለት ጣት...» አለና አብዶ አፍሮ ፈገግ አለ፤ «ከነአሸዋው ነው የምለካው።»

በድሩ ከመኪናዋ ወርዶ ከጎናቸው ቆመ። ድል ያደረገ ሰው ፊት አልነበረውም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበረው። «አኮ፣ አሁን አመንሽኝ?» አላቸው በዝግታ።

እትዬ ረቢአ አዎ ለማለት አፋቸው አልታዘዝ አለ። ማታ ሲወጣ ይፈራሉ፤ ነገም ይፈራሉ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ ሸሚዙን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ብረቱን ለአብዶ ያዘለት። የብየዳው ብርሃን ብልጭ ሲል «ዓይንህን ጨፍን! በድሩ፣ ዓይንህን!» እያሉ ከላይ ጮኹ።

የአስር አዛን አለፈ። እትዬ ረቢአ ጥግ ላይ ሰግደው ሲጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። የባቲው ሰውዬ ነው። አብዶ መበየጃውን ወደ ታች አድርጎ ጆሮውን አቆመ። በድሩም ማን እንደደወለ ገባው፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኖ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አያቱን ያያል።

«አለይኩም ሰላም... ደህና፣ አልሃምዱሊላህ... አዎን፣ ስለ መኪናዋ ነው፣ አውቄያለሁ። ቃል እሰጥሃለሁ ብዬህ ነበር። ቃሉ የኔ አይደለም። ባለቤቱ እዚህ አለ፣ ቆይ።»

ጎንበስ ብለው ስልኩን በበድሩ ጆሮና ትከሻ መሀል ሰኩለት።

«ምን ልበለው?» አለ በድሩ በሹክሹክታ።

«የመሰለህን።»

«እሸጣታለሁ ብለውስ?»

«ስልኩ እየቆጠረ ነው፣ አናግረው።»

ጃንጥላቸውን አንስተው ከጋራዡ ወጡ። በሩ ላይ እንደ ልማዳቸው እግራቸው ሊያዝ አለ፤ ከጋራዡ ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ማን ምን እንዳለ መስማት ቀላል ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። እትዬ ረቢአ ግራና ቀኝ አይተው ተሻገሩና ከአይሱዙው አጠገብ፣ ጩኸቱ የበድሩን ድምፅ በሚውጥበት በኩል፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ።